«ታታሪ ነኝ» እያልኩ ሦስት ቃለ መጠይቅ ወደቅሁ፤ የምነግራቸው ታሪክ የለኝም

ጣና ዳር (ክሩን የከፈተች) · ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። በሒሳብ አያያዝ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዘንድሮ ሦስት ቦታ የጽሑፍ ፈተና አልፌ ሦስቱም ላይ በቃለ መጠይቅ ቀረሁ። የመጨረሻው ባለፈው ሐሙስ ነበር። አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ሴትዮ «አንድ ከባድ ነገር ገጥሞሽ እንዴት እንደተወጣሽው ንገሪን» አሉኝ። እኔም «ጫና መቋቋም እችላለሁ፤ ታታሪ ነኝ፤ ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ» አልኩ። ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ምንም ሳይጽፉ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ያ እስክሪብቶ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጓደኛዬ «ታሪክ መንገር ነበረብሽ» አለችኝ። የምን ታሪክ? ተቀጥሬ አላውቅም። ከግቢ ወጥቼ እቤት ነው የተቀመጥኩት። ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ከ11 ቀን በኋላ ነው፤ ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ፖሊ ግቢ · ሰኞ፣ ማታ 3:05

እህቴ፣ ራስሽን አታድክሚ። በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ታሪክ አሳምሮ ስለተናገረ የተቀጠረ ሰው አላየሁም፤ ሰው ስላለው የተቀጠረ ግን ብዙ አይቻለሁ። ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም፤ ጥፋቱን ሁሉ በራስሽ ላይ እንዳታደርጊው ብዬ ነው።

ከወንበሩ ማዶ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

ለሁለታችሁም ልመልስ። ከዐሥር ዓመት በላይ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ነኝ፤ እዚሁ ባሕር ዳር። በዘመድ መቅጠር የለም አልልም። አይቼዋለሁ፤ ተከራክሬም ሁልጊዜ አልረታሁም። ግን ልጄ፣ ሴትዮዋ እስክሪብቷቸውን ይዘው ምን ሲጠብቁ እንደነበር ልንገርሽ፤ በዚያ በኩል ተቀምጬ እኔም ብዙ ጊዜ ጠብቄያለሁና።

ፊታችን የነጥብ መስጫ ቅጽ አለ። በአንድ በኩል ለቦታው የሚፈለገው ነገር ተዘርዝሯል፤ ጥንቃቄ፣ ችግር መፍታት፣ ከደንበኛ ጋር መግባባት። አጠገቡ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ከ1 እስከ 5 ነጥብ። ባዶው መስመር ላይ የምንጽፈው ሰውየው ያደረገውን ነው። «ታታሪ ነኝ» ስትይኝ የምጽፈው አጣለሁ፤ ታታሪ አይደለሽም ብዬ ሳይሆን፣ ከአንቺ በፊት የገቡት ስምንቱም እንዲሁ ስላሉኝ። በአንድ ቀን 15 ሰው ስናይ ከምሳ በኋላ ፊቱም ድምፁም ይደባለቅብናል። ከብዙ ዓመት በፊት ግን አንድ ልጅ፣ መብራት ጠፍቶ ሲያድር ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጎ በሌሊት ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዴት እንደወሰደ ነግሮናል። ሳጥኑን ጭኑ ላይ ይዞ በባጃጅ ነበር የሄደው። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ሳጥኑን ግን አልረሳሁትም።

አጠያየቁ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆን ፍላናጋን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ የአሜሪካን ጦር አብራሪዎች በሚመርጠውና በሚያጠናው ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ስለ ጥሩ አብራሪ በጥቅሉ አስተያየት መሰብሰቡ ብዙም አልጠቀማቸውም። ስለዚህ በአንድ በተወሰነ በረራ ላይ የሆነውንና ሰውየው ያደረገውን እየጠየቁ መመዝገብ ያዙ። ፍላናጋን ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፎ አሳተመው። በ1970ዎቹ ደግሞ ያው ሐሳብ ወደ ቃለ መጠይቅ ገባ። ሥልጠና ላይ «ስታር» ሲሉ የምትሰሚው ያንን ነው፦ ሁኔታው፣ የአንቺ ኃላፊነት፣ ያደረግሽው፣ የተገኘው ውጤት። ከአራቱ ነጥብ የሚያስገኘው ሦስተኛው ነው። ሁለት ደቂቃ ብትናገሪ ሁኔታውና ኃላፊነቱ በግማሽ ደቂቃ ይለቁ፤ አንድ ደቂቃውን ሙሉ ያደረግሽውን ንገሪን፤ የቀረችው ለውጤቱ ትበቃለች።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ጠዋት ተነሥተሽ ምን ትሠሪያለሽ?

የፔዳ መምህር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:50

ፖሊ ግቢ ላነሳው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሀንተር የ85 ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው፣ የትኛው የመምረጫ ዘዴ ሰውየው ሥራው ላይ የሚያሳየውን ብቃት አስቀድሞ እንደሚያመለክት መረመሩ። ቁጥሩ 0 ከሆነ ዘዴው ምንም አያመለክትም፤ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር በደንብ ያመለክታል። እንደ መጣ የሚካሄድ ጭውውት 0.38 አገኘ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ፣ መመዘኛው አስቀድሞ ተወስኖ የሚካሄደው ደግሞ 0.51። በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና አይተው ቁጥሮቹን ዝቅ አድርገዋቸዋል፤ ሁለተኛው ዓይነት ግን 0.42 ይዞ ከሁሉም ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ይህን የማነሣው ለአንድ ነገር ነው። ያለ ቅጽ፣ ያለ መመዘኛ «እስቲ አጫውተን» በሚባልበት ክፍል ውስጥ ነው ዝምድናም፣ ያገር ልጅነትም፣ የፊት ቅላትም ቦታ የሚያገኙት። የነጥብ ቅጽ ባለበት ክፍል፣ ሰው የሌለው ልጅ ያደረገውን አጥርቶ ከተናገረ ለመርማሪው የሚጽፈው ይሰጠዋል። የተጻፈ ነገር ደግሞ እንደ ቃል በቀላሉ አይካድም።

ጣና ዳር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለጥያቄዎ መልሴ የሚያረካ አይደለም። ምንም አልሠራም። አክስቴ ለምግብ ቤቶች ዓሣ ታስረክባለች፤ ጠዋት ጠዋት እሷን አግዛለሁ። ከአሥጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ትረከባለች፤ አጥንቱን አስወጥታ በኪሎ ለአራት ምግብ ቤቶች ትሰጣለች። ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ግን ደመወዝ የለውም፤ ሲቪዬ ላይም አልጻፍኩትም።

ከወንበሩ ማዶ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:42

ምግብ ቤቶቹ የሚወስዱት በእጅ በእጅ ነው በዱቤ?

ጣና ዳር · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:45

በዱቤ። በየ15 ቀኑ ነው የሚከፍሉት።

ከወንበሩ ማዶ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:51

አራት ባለዕዳ፣ በየ15 ቀኑ የሚዘጋ ሒሳብ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ለሒሳብ ሥራ ተወዳድረሽ ይህን ከሲቪሽ ላይ አስቀርተሽዋል። ዛሬውኑ ጻፊው። ከዚያ ሒሳብ ተዛብቶ የተጣላችሁበትን አንድ ቀን አስታውሺ።

የቅኔ ቤት ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 1:15

ይቅርታ አድርጉልኝና ከሌላ በኩል ልግባ። ልጅ ሆኜ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። የኔታ ሰሙ ያማረለት፣ ወርቁ ግን የጠፋበት ቅኔ ስንቀኝ በትዕግሥት ይሰሙንና «ምሥጢሩስ?» ይሉን ነበር። እኔ ለቃለ መጠይቅ የተዘጋጀሁት በዚያው መንገድ ነው። ብዙ ሰው ታሪክ ይፈልግና ከዚያ ለምን እንደሚሆን ያስባል። እኔ የማስታወቂያውን ወረቀት አውጥቼ ቦታው የሚፈልገውን አሰመርኩበት፤ ወርቁ እሱ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ወርቅ ከሕይወቴ ሰም ፈለግሁ። «ንብረት በጥንቃቄ መያዝ» የሚለውን ሳይ ትዝ ያለኝ የደብሩን መጻሕፍት ከጣሪያ ዝናብ ያወጣንበት ሌሊት ነበር። በሌላ ጊዜ ሥራ ብዬ አልቆጥረውም ነበር።

የፔዳ መምህር · ማክሰኞ፣ ማታ 1:40

ምሳሌህን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን እንለያያለን። ቅኔ ውስጥ ወርቁን ፈልቅቆ የሚያወጣው ሰሚው ነው፤ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ሰሚው ደክሟል፤ ከበሩ ውጭ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ወርቁን በግልጽ ንገሯቸው። «ከዚያ ወዲህ የተረከብኩትን ሁሉ ሳልፈርም አልለቅም» ብሎ መጨረስ ያስፈልጋል።

የቅኔ ቤት ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 1:48

እውነት ነው። እኔም መጀመሪያ የወደቅሁት እንዲገባቸው ትቼላቸው ነው።

ዘጌ ዘጌ · ረቡዕ፣ ጠዋት 4:10

እኔ ደግሞ ታሪክ አብዝቼ የወደቅሁ ነኝና ከእኔ ተማሪ። ጎብኚ አጃቢ ለመሆን ተወዳድሬ ነበር። «አስቸጋሪ ቀን ንገረን» አሉኝ። ያሰብኩት እንግዶች ዘጌ አድርሼ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የተነሣበትን ቀን ነው። ጣናን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት እንደ መስተዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ይገለበጣል። ግን የጀመርኩት ከየት መሰላችሁ? ከወደቡ። ከዚያ የቡናው ደን፣ ከዚያ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ የግድግዳው ሥዕል፣ እንግዶቹ የጠየቁኝ ሁሉ። ነፋሱ ጋ ስደርስ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። «እሺ ወንድሜ፣ አንተ ምን አደረግህ?» አሉኝ። እኔ ያደረግሁት እኮ ዋናው ነበር! ሁለት አሮጊት እንግዶች ደንግጠው ሊነሡ ሲሉ እጃቸውን ይዤ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ጃኬታቸውን አንድ በአንድ አሰርኩላቸው፤ ለጀልባ ነጂው ማዕበሉን በጎን እንዳይቀበለው ነግሬ፣ ረዘም ቢልም በዳር በኩል ተመለስን። ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ «በሰላም ደረስን» ብዬ ወጣሁ። ከነፋሱ ነበር መጀመር የነበረብኝ።

የሆቴል ቤት ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:25

እኔ ማለት የምፈልገው ስለ «እኛ» ነው። እኛ ስናድግ «እኔ፣ እኔ» የሚል ልጅ ይቆጡት ነበር። እንግዳ መቀበያ ላይ ሠርቼ ለተቆጣጣሪነት ስወዳደር ሁሉንም ነገር «አደረግን፣ አስተካከልን፣ ፈታን» እያልኩ ተናገርኩ። አንዷ መርማሪ በመጨረሻ «እህቴ፣ አንቺ የት ነበርሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እንዲያውም አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል፤ ግን አፌ እሺ አላለኝም። ኋላ ያገኘሁት መላ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሌሎቹን ድርሻ በስማቸው እሰጣለሁ፣ ከዚያ የራሴን። «የጽዳት ኃላፊዋ ክፍሎቹን በአንድ ሰዓት አደረሰችልኝ፤ የማን ክፍል ቀድሞ ይሰጥ የሚለውን ዝርዝር ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ።» እንዲህ ሲሆን የማንንም ላብ አልወስድም፤ የራሴንም አልጥልም። አንቺም ሞክሪው እህትዓለም።

ጣና ዳር · ረቡዕ፣ ማታ 3:30

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀን ትዝ አለኝ፤ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እዩልኝ፦

«አምና በዐቢይ ጾም፣ የዓሣ ፈላጊ በሚበዛበት ሰሞን፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር ሒሳብ አልተግባባንም። የእኛ ደብተር 22,620 ብር ይላል፤ የእነሱ 18,270። ልዩነቱ 4,350 ብር ነበር። ተነጋገርን፤ ሁለቱን ደብተሮች አመሳከርን፤ ችግሩንም ፈታን። ከዚያ ወዲህ የርክክብ ወረቀት መጠቀም ጀመርን፤ ጠብም አልተነሣም።»

ከወንበሩ ማዶ · ረቡዕ፣ ማታ 4:02

ቁጥሮቹ ጥሩ ናቸው፤ ብዙ ሰው ቁጥር አያስታውስም። አሁን «አመሳከርን» የምትለዋን ቃል ክፈቻት። ሥራሽ በሙሉ እሷ ውስጥ ተዘግቶባታል። ማን አመሳከረ? የት ተቀምጠሽ? በምን ጀመርሽ? 4,350ው የት ተገኘ? በሁለት ደቂቃ አትጨነቂ፤ መጀመሪያ ሁሉንም አውጪው፣ ኋላ እንቆርጠዋለን።

ጣና ዳር · ሐሙስ፣ ጠዋት 2:15

ያመሳከርኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ። ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። የእኛ ደብተር የዓሣ ቅርፊት እየተጣበቀበት ገጹ አይገለጥም፤ በጥፍሬ እየላጥኩ ነው የከፈትኩት። ድምሩን ትቼ ቀን በቀን ሄድኩ፤ የታችኛውን በማስመሪያ እየሸፈንኩ፣ አንድ መስመር ከእኛ፣ አንድ መስመር ከእነሱ። ኪሎው 290 ብር ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ 15 ኪሎ መሆን እንዳለበት አስቀድሜ አውቄአለሁ፤ የምፈልገው 15 ኪሎ ነበር።

11 ኪሎው ቶሎ ተገኘ። ሁለት ቀን ዓሣው በጣም በማለዳ ደርሶ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትገባ ወጥ ቤቱ ተረክቦታል፤ አንዱ ቀን 5፣ አንዱ ቀን 6 ኪሎ። እሷ ስላላየችው አልጻፈችውም። ወጥ ሠሪውን ጠርቼ ጠየቅሁት፤ አመነ።

የቀረው 4 ኪሎ…

እዚህ ጋ ነው የምፈራው። እሱን ሁለት ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ቆሜ ጻፍኩት፤ ማታ ከእጅ ወረቀቴ ስገለብጥ እንደገና አስገባሁት። ሁለቱም የእጄ ጽሑፍ ነው። 1,160 ብር። ትክክለኛው ዕዳ 21,460 ብር ነበር፤ የእኛም ስህተት፣ የእነሱም ስህተት። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋን በሰው ፊት «አንቺ ነሽ የዘለልሽው» ብያት ነበር።

ፖሊ ግቢ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2:40

ይህችን ክፍል አትንገሪያቸው። ለሒሳብ ሥራ ተወዳድረሽ «አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ መዘገብኩ» ብለሽ እንዴት ትናገሪያለሽ? የ11 ኪሎው ብቻ ይበቃል። ውሸት አይሆንም፤ ሁሉን አለመናገር ነው።

የሆቴል ቤት ልጅ · ሐሙስ፣ ጠዋት 2:58

እኔም እዚህ ላይ ከፖሊ ግቢ ጋር ነኝ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጥሩ ጥሩውን ብቻ ሲናገሩ አንቺ ስህተትሽን ይዘሽ መግባት ያስፈራል።

ከወንበሩ ማዶ · ሐሙስ፣ ማታ 1:30

ቀኑን ሙሉ ይህን ለመመለስ ጊዜ ስፈልግ ነበር። የምለው ከልቤ ነው፦ ታሪኩ ያለው 4 ኪሎው ላይ ነው። 11ዱን ማንም ያገኘዋል፤ የሌላ ሰው ስህተት ፍለጋ የገባ ሰው ዓይኑ ብሩህ ነው። ልጅቷ ግን 11 ኪሎ አግኝታ ልትነሣ ትችል ነበር። ወጥ ሠሪው አምኗል፤ ምግብ ቤቱ «ግማሹ በእኛ ነው» ብሎ ሊከፍል ይችላል። እሷ 15 እስኪሞላ አልተነሣችም። ያገኘችው የራሷን ጽሑፍ ነው፤ የራሷንም ወገን 1,160 ብር የሚያስቀንስ ነው። ገንዘብ የሚነካ ሰው ስቀጥር የምፈልገው ይህን ነው፤ በሌላ ጥያቄም አይገኝም። «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ሁሉም «ሥራ ሳልጨርስ አልተኛም» ይለናል።

ስህተት ሁሉ ግን አይነገርም። እንዴት እንደተገኘ፣ ለማን እንደተነገረ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ መናገር የማትችዪበትን ስህተት ይዘሽ አትግቢ። ያልተዘጋ ስህተት መርማሪውን ያሳስበዋል እንጂ አያስተምረውም።

ስለ ውሸት ደግሞ አንድ ነገር። በአንድ ቀን ሁለት ልጆች ያንኑ ታሪክ ነገሩን፤ ከኢንተርኔት የተቀዳ ነበር፤ ከነቁጥሩ። ለመጀመሪያው ጥሩ ነጥብ ሰጥተነው ነበር። ሁለተኛው ሲጀምር ሁላችንም ተያየን። አንዳችን «ያ የቡድን መሪያችሁ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። ዝምታው እኔንም አሳፈረኝ፤ የራሱ ታሪክ እንዳለው እርግጠኛ ነበርኩና። የራስሽን ቀን ስትናገሪ ከየትም በኩል ቢጠይቁሽ በር አለው፤ እዚያ ነበርሻ።

ሕግ አዋቂ ጎረቤት · ሐሙስ፣ ማታ 2:10

በዚሁ ላይ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብተው ይችላል። በተዋሰው ታሪክ የገባ ሰው እነዚያን ቀናት የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ነው የሚሠራው።

ቀበሌ 4 · ዓርብ፣ ጠዋት 4:20

እኔ የምጠይቀው አለኝ። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከሆነስ? በአማርኛ እንደ ውኃ የሚፈስልኝ ነገር በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ያልቃል።

የፔዳ መምህር · ዓርብ፣ ከቀኑ 6:00

ለተማሪዎቼ የምላቸውን ልንገርህ። ሙሉውን ጽፈህ አትሸምድድ፤ አንድ ቃል ሲጠፋህ ሁሉም ይጠፋል። ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ ለሰው ንገር። ከዚያ ዋና ዋናዎቹን ግሦች ብቻ ወደ እንግሊዝኛ አምጣ፤ ቆጠርኩ፣ አገኘሁ፣ ጠየቅሁ፣ አረምኩ፣ ነገርኳት። ሰባት ስምንት ግሥ ከያዝክ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃሃል። ሰዋስውህ ቢሳሳት ያደረግኸው ይገባቸዋል።

ጣና ዳር · እሑድ፣ ከቀኑ 9:10

ለአክስቴ ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ የስልኬን ሰዓት ከፍቼ። መጀመሪያ አራት ደቂቃ ተኩል ወጣ። የዘጌውን ወንድሜን ምክር ይዤ ከልዩነቱ ጀመርኩ። አሁን ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ነው፦

«የምይዘው የአክስቴ የዱቤ ደብተር ከአንድ ምግብ ቤት ደብተር ጋር በ4,350 ብር ተለያየ። ገንዘብ ተቀባይዋን ወቀስኩ። በማግሥቱ ሁለቱን ደብተሮች ዘርግቼ ቀን በቀን አመሳከርኩ። ኪሎው በ290 ብር ስለነበር የጠፋው 15 ኪሎ መሆን ነበረበት። 11 ኪሎው እሷ ሳትገባ በማለዳ የደረሰ ነበር፤ ወጥ ሠሪውን ጠይቄ አረጋገጥኩ። 4 ኪሎው ግን እኔ ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ነው። ለገንዘብ ተቀባይዋና ለአክስቴ ነገርኳቸው፤ ዕዳውን 21,460 ብር ብለን ተማመንን፤ ምግብ ቤቱ በዚያው ሳምንት ከፈለ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ካርቦን ያለው ጥራዝ ገዛችልኝ፤ ዓሣውን የሚረከብ ሰው ማንም ይሁን ማን ይፈርማል፤ አንዱ ቅጂ ለእነሱ ይቀራል። እኔም ከፈረሙበት ወረቀት ላይ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ እመዘግባለሁ፤ የተመዘገበውን ምልክት አደርግበታለሁ።»

አክስቴ ሰምታ ስትጨርስ «ያኔ 1,160ውን ለምን ቀነስሽ ብዬ ተቆጥቼሽ አልነበረም?» አለችኝ። ረስቼው ነበር። ተቆጥታኝ ነበር።

ከወንበሩ ማዶ · እሑድ፣ ማታ 1:00

እንዳለ ተይው። አንድም ቃል አትጨምሪበት። በቃል አትሸምድጂው፤ ቁጥሮቹንና ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዢ። ይቅናሽ ልጄ።

የሆቴል ቤት ልጅ · እሑድ፣ ማታ 1:25

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ንገሪያቸው እህትዓለም።

ጣና ዳር · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:30

ትናንት ገባሁ። ከዓባይ ማዶ በአዲሱ ድልድይ በባጃጅ ስሻገር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኪሎዎቹን በልቤ እየቆጠርኩ ነው የደረስኩት። አራት ሰዎች ነበሩ። ያዘጋጀሁትን ጥያቄ አልጠየቁኝም። «ከሰው ጋር ተጋጭተሽ የምታውቂበትን ንገሪን» አሉኝ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ከዚያ ያው ደብተር መሆኑ ገባኝ፤ ከገንዘብ ተቀባይዋ በኩል ጀምሬ ነገርኳቸው። 4 ኪሎው ጋ ስደርስ ዳር ላይ የነበሩት ሰውዬ ቀና አሉ። መሃል ያሉት ጻፉ። ብዙ ጻፉ።

ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቁኝ፦ «ስህተቱ የአንቺ መሆኑን ስታውቂ ቀድመሽ ለማን ነገርሽ?»

ይህን ማንም አላዘጋጀኝም። ግን እዚያ ነበርኩ። «ለገንዘብ ተቀባይዋ» አልኳቸው። «ከአክስቴ በፊት። የወቀስኳት በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውንም ሰዎቹ ባሉበት ጠየቅኳት። አክስቴ ኋላ ስትሰማ ተቆጣችኝ።» ሰውዬው «አሁንስ ትሸጡላቸዋላችሁ?» አሉኝ። «ዛሬ ጠዋት 6 ኪሎ አስረክቤ ነው የመጣሁት» አልኩ። የፈረሙበትን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ለማሳየት ብዬ አልነበረም የያዝኩት፤ ሳላስገባው ስለመጣሁ ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደውላለን ብለዋል። ቢደውሉም ባይደውሉም ነግሬያችሁ ልሂድ ብዬ ነው።

ዘጌ ዘጌ · ቅዳሜ፣ ማታ 12:15

እሰይ! ወረቀቱን ማሳየትሽ!

ፖሊ ግቢ · ቅዳሜ፣ ማታ 2:50

ስለ ዘመድ ያልኩትን አልመልሰውም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ግን 4 ኪሎውን ደብቂ ያልኩሽ ተሳስቼ ነበር።

ጋሼ፣ እኔም ልጠይቅዎት። አራተኛ ዓመት ሳለሁ ለተግባር ልምምድ አንድ ሕንፃ ሥራ ላይ ነበርኩ። የኮንክሪት ናሙና መያዝ ነበር ሥራዬ፤ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ሞልተን፣ ውኃ ውስጥ አቆይተን፣ በ7 እና በ28 ቀን እናስሰብራለን። የአንድ ቀን ናሙና ጥንካሬው በ7 ቀኑ ከሚጠበቀው በጣም ዝቅ አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ለመዘርጋት እንዲቀላቸው ውኃ ሲጨምሩ አይቼ ነበር፤ ፀሐዩ ከባድ ነበር። ውኃ ሲበዛበት ደግሞ ኮንክሪት ይደክማል። እንዲህ ያለ ነገር ታሪክ ይሆናል?

ከወንበሩ ማዶ · ቅዳሜ፣ ማታ 3:04

ይሆናል። ውኃ ሲጨምሩ ባየህ ሰዓት አንተ ምን አደረግህ?